ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል

ሰበታ ገበያ ቅቤ ስሸጥ ልጄ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ተመርቃ፣ ከቤት ወጥታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን በቅቤዬ ተቀይሞ የተመለሰ ደንበኛ የለም ብል ውሸት ይሆናል፤ ጥቂት ናቸው ብል ግን ማንም አይከራከረኝም። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ቅቤ ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ቅቤማ በየሱቁ አለ። የሚመጣው ለይቼ እንድሰጠው ነው። ለፀጉር ነው ካሉኝ ለጋውን አነሳለሁ። ለአራስ ገንፎ ከሆነ መካከለኛውን፣ ተነጥሮ ለዶሮ ወጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ቆየት ያለውን በሳሉን። ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ መለየት ነው እላለሁ። መሸጡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

መለየቱን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ማስተማር ከተባለ። ቅቤው ከተጠቀለለበት ኮባ ላይ በጥፍሯ ቆንጠር ታደርግና አፍንጫዬ ሥር ታመጣዋለች። "ይሄ ለጋ" ትላለች። ሌላ ታመጣለች፤ "ይሄም ለጋ"። ሦስተኛውን ታመጣና "ይሄ ግን መካከለኛ"። በምን አወቅሽ ብዬ ስጠይቃት "አፍንጫ የለሽም እንዴ?" ትለኛለች። ትምህርቱ ይኸው ነበር። ስሳሳት ምላሷን ታጮሃለች፣ ሳገኘው ዝም ትላለች። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቀን ምላሷን ማጮህ አቆመች። ኋላ እኔም ነጋዴ ሆኜ አዳዲስ ባለትዳሮች "እትዬ፣ በሳል በምን ይታወቃል?" ሲሉኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ "ሲቆይ ይገባሻል" እላቸው ነበር። ጨዋ ለመሆን ያህል ነው እንጂ እኔም ልላቸው ያማረኝ የእናቴን ነበር።

ታዲያ በሁዳዴ መያዣ ላይ ጉንፋን ጣለኝ። አገሩ ሁሉ ስለታመመ ማንም አላዘነልኝም። ትኩሳቱም ሳሉም ለቆኝ ወደ ገበያ ስመለስ ድኛለሁ ብዬ ነበር። ከጎኔ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከረጢቷን ስትፈታ እኔ ፊቴን ሳላዞር ምን አዲስ ነገር እንዳመጣች እነግራታለሁ፤ የቆየ ጨዋታችን ነው። ያን ቀን አዲስ ኮረሪማ ዘረገፈችና ጠበቀችኝ። እኔ ዝም። ትንሽ ቆይታ "ምነው፣ ተኮራረፍን እንዴ?" አለችኝ። ያኔ ነው የነቃሁት። ዞሬ የራሴን ቅቤ ከፈትኩና አሸተትኩ። ምንም የለም። አፍንጫዬ ጫፉ ቅቤ እስኪነካ ድረስ ተጠጋሁ፤ ውሃ ያሸተትኩ ያህል ነው። በጣም ደነገጥኩ። ሐኪሙ ሽታዬ እንደሚመለስ ነገረኝ፤ መቼ ብዬ ስጠይቀው ግን ትከሻውን ሰበቀ።

ምላስስ የለሽም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ጾም ነው እኮ! በሁዳዴ ቅቤ እነካለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እሸጣለሁ እንጂ አልቀምስም። በሁዳዴ ምላሴ ያቺ ጎረቤቴ ነበረች። እሷ ሙስሊም ናት፤ እኔ ስጾም እሷ ትቀምስልኛለች፣ በረመዳን ደግሞ እሷ ስትጾም የሾርባዋን ጨው እኔ እቀምስላታለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ተበዳድረን ኖርን። በዚያ ዓመት ግን ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን እንተያያለን። በደህናው ጊዜ ቢሆን ያስቀን ነበር።

ነገሩ የከፋው ጊዜው ቅቤ የሚገዛበት በመሆኑ ነው። በሁዳዴ ፈላጊ ስለሌለ ቅቤ ይረክሳል፤ ለፋሲካ የሚሸጠውን የምናከማቸው ያኔ ነው። ለኔ ቅቤ የሚያመጡልኝ የሱሉልታ ሰው፣ ኦቦ የምላቸው ሽማግሌ፣ ከመቼውም የበዛ ቅቤ ሰብስበው ነበር። እስከ ሰኞ እወስዳለሁ ካላልኩ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ሊሰጡት ነው። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ቅቤ ላይ የሚረጋ ዘይት መቀላቀል በየቦታው ተለምዷል። ሳላውቅ እሺ ብል፣ የፋሲካ ዕለት ጠዋት ስንት ቤት ድስት ተከፍቶ ስሜ ይነሳል። እምቢ ብል ደግሞ በዓሉን ባዶ መደብ ይዤ ልውል ነው። እውነቱን ብናገር፣ አፍንጫ የሌላት ቅቤ ነጋዴ የሚለው ወሬ እኔ ቤት ሳልደርስ ዓለም ገና ከተማ ይደርሳል። ስለዚህ ከጎረቤቴ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም።

እሷም እንደ መፍትሔ ያመጣችው ቀላል ነገር ነበር። "አንቺ መቼም ታውቂዋለሽ። ምልክቱን ንገሪኝና በዓይንና በእጅ እንለየዋለን" አለችኝ።

እኔም ምልክቱን የማውቅ መስሎኝ ጀመርኩ። "ለጋ ነጭ ነው" አልኩ። ዓይኔን ሳነሳ እራሴ ከመታመሜ በፊት ለጋ ብዬ የለየሁት ቅቤ ቢጫ ሆኖ ተቀምጧል፤ ላሟ እርጥብ ሣር በልታ ነው። "ለጋ ለስላሳ ነው" አልኩ። የሱሉልታ ብርድ ያደረበት ለጋ ግን ጠዋት ድንጋይ ነው፣ ሰበታ ቀትር ላይ ሲደርስ ደግሞ በሳሉም ለጋውም እኩል ይሟሟል። "በሳል እጅ ላይ ሲያሹት..." ብዬ ጀመርኩና ያሸሁበትን እጄን ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ ወሰድኩት። ያወጣሁት ሕግ ሁሉ እዚያው መደቤ ላይ የሚያፈርሰው ቅቤ አያጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ጥቂት ተሟገትኩ፤ በመጨረሻ ተውኩት።

ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ምስጢሩን የደበቀችኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚነገር ነገር አልነበራትም። እሷም እኔም ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ሕግ አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ያሸተትነው ቅቤ ሁሉ ነው። አዲሱ ሲመጣ ሄዶ ከሚመስለው ጎን ይቀመጣል። ሰርግ ቤት የአንድ ቤተ ዘመድ ልጆች ተሰብስበው ስናይ እንደምንለያቸው ነው፤ አንዱ ግንባሩን፣ አንዷ አረማመዷን፣ ሌላው ሳቁን ወስዷል፤ ሁሉም የሚጋሩት አንድ ምልክት የለም፣ የነሱ ልጅ መሆኑን ግን ማንም አይስተውም። እንዲህ መሆኑን ያወቅሁት መለየት ሲያቅተኝ ነው። ተናደድኩ። ሲሠራ ያላመሰገንኩትን አፍንጫ አሁን ላመሰግነው ነው?

ቀጥለን የጎረቤቴን አፍንጫ ሞከርን። ለጋውን ሰጠኋት። "ጥሩ ነው" አለች። በሳሉን ሰጠኋት። "እሱም ጥሩ ነው።"

"ልዩነት የላቸውም?"

"ሁለቱም ቅቤ ቅቤ ይላሉ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እዚህ ልሞት ነው!"

"አንቺስ በርበሬዬን ትለዪዋለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ለኔ በርበሬ ወይ ያቃጥላል ወይ አያቃጥልም። እሷ ግን ከረጢቱን ከፍታ ፀሐይ የበዛበትን፣ ዝናብ የነካውን፣ ካለፈው ዓመት የከረመውን እንደ ልጆቿ ትለያቸዋለች። እኔ አንድ ነገር የማይበት ቦታ ላይ እሷ ብዙ ታያለች፣ እኔ ብዙ የማይበት ላይ እሷ አንድ። ጎን ለጎን ስንት ዓመት ተቀምጠን ሳንማማር ቀረን።

ተስፋ ስላልቆረጥን እሷ ቤት ሄጄ ጾሟን እስክትፈታ ጠበቅሁ። ቴምሩን በላች፣ ሾርባውን ጠጣች፣ ከዚያ ቅቤዎቹን በየተራ ቀመሰችልኝ። "ማሻአላህ፣ ሁሉም ይጥማል" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው የቅቤ ዳኛ እንደማይሆን መገመት ነበረብኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ፣ ቅቤውን ትቼ ሰውየውን መለየት። ኦቦ ታማኝ ሰው ናቸው፣ ስለዚህ ቅቤያቸውም ታማኝ ነው። ዓርብ ዕለት ናሙና ይዘው መጡ፤ እንደ ልማዳችን በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

"አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ?"

"ነጋ፣ ገለታ ረቢ። ጉንፋኑ ለቀቀሽ?"

"ለቆኛል።" ኮባውን ፈታሁ፣ ቅቤውን አየሁ፣ በጣቴ ጫን አደረግሁት፣ መልሼ አሰርኩት።

ሽማግሌው ዓይናቸውን አልነቀሉም። "አላሸተትሽም" አሉኝ።

"የእርስዎን ደግሞ ማሽተት ያስፈልጋል እንዴ?"

ደስ ያላቸው መሰሉ። ከዚያ ግን ትንሽ ግራ የተጋቡ ይመስል ፊታቸው ተለወጠ። ስንት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ቢያመጣው እንኳ ሳላሸት የተቀበልኩት ቅቤ የለም፤ ይህን እሳቸው ከኔ የበለጠ ያውቃሉ። ከሄዱ በኋላ ኮባውን እንደገና ፈትቼ አየሁት። ታማኝ ሰው አንድ ነገር ነው፣ ንጹሕ ቅቤ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን እኔ ስለፈለግሁ ብቻ አንድ ቦታ አስቀመጥኳቸው።

ልጄን ያሰብኳት ያን ጊዜ ነው። ቀድሞ ያላሰብኳት በምክንያት ነው። እሷ ቢሮ የምትሠራ፣ ቡራዩ ቤት ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር ልጅ ናት። ስትወጣ "ለሥራዬ ይቀርበኛል" ነበር ያለችኝ። እኔ ግን ከቅቤው ሽታ የሸሸች ይመስለኛል። ተማሪ ሳለች ዩኒፎርሟን ሽታው እንዳይዘው ውጭ ገመድ ላይ ነበር የምታሰጣው። ከፍቶኝ አልጠየቅኋትም። ለገበያውም ፍላጎት አሳይታ አታውቅም፣ እኔም ልግፋሽ አላልኳት። ሆኖም ልጅነቷን በሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከመደቤ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ሌላ አፍንጫ ከየት ላምጣ?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት ትንንሽ ቅቤ በኮባ ጠቅልዬ ተነሳሁ። ሦስቱ ከመታመሜ በፊት ለይቼ ፍሪጅ ውስጥ ያቆየኋቸው ናቸው፤ አንድ ለጋ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ በሳል። አራተኛው የኦቦ ነው። ልጄ ሦስቱን በትክክል ከለየች አራተኛውን አምናታለሁ፤ ካልለየች ተሸኝቼ እመለሳለሁ።

ከጦር ኃይሎች ወደ ቡራዩ የያዝኩት ሚኒባስ ውስጥ ገና ጥቂት ሳንሄድ ከኋላ አንድ ወጣት "ኧረ ማነው በጾም ቅቤ የጫነው? ሙድ እየያዘብን ነው እንዴ?" አለ። ሰው ሳቀ። መስኮት ተከፈተ። ረዳቱ ከወንበር ሥር ማየት ጀመረ፤ እኔም ከልቤ አብሬው ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከጎኔ ያሉት እናት በክርናቸው ነካ አድርገው "ልጄ፣ አንቺ ነሽ መሰለኝ" ሲሉኝ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ አፍንጫም እንደዚያው ነው ለካ። ይቅርታ ጠይቄ ቦርሳውን በነጠላዬ ሸፈንኩት። "ምንም አይደል፣ ፋሲካ ፋሲካ ሸተተን እኮ" አሉኝ እኚያ ደግ ሴት።

ልጄ በሩን ስትከፍት ሳመችኝና ቦርሳዬን አየች።

"ቅቤ ይዘሽ መጣሽ? በሁዳዴ?"

ተቀመጥኩና ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ፊቴን ስታይ ሳቋን አቆመች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁዳዴ መያዣ።"

"እና እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ለማን ልናገር? ነይ አሁን፣ አሽትቺልኝ።"

"እማ፣ እኔ ቅቤ አላውቅም እኮ። ለጋ በሳል ብትዪኝ ግራ ነው የሚገባኝ።"

"ስሙን ተዪው። ምን እንደሚመስልሽ ብቻ ንገሪኝ።"

ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። የቱ የቱ እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የመጀመሪያውን አነሳች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ቅዳሜ ከሰዓት" አለች።

"ምን ማለት ነው?"

"ፀጉሬን ስትሠሪኝ። ጉልበትሽ መሀል አስቀምጠሽኝ ቅቤው በግንባሬ ይወርድ ነበር፣ አትጥረጊው ትዪኝ ነበር።"

ለጋው ነው። ከመስኮቱ አልዞርኩም። ሁለተኛውን አነሳች።

"አራስ ጥየቃ። ገንፎው መሀል ጎድጎድ ብሎ የሚፈስበት። አንቺ እኔን ይዘሽ የምትሄጂበት ቤት ሁሉ።"

መካከለኛው። ሦስተኛው የኦቦ ነበር። አሸተተች፣ ራቅ አደረገችው፣ እንደገና አሸተተች።

"ይሄ ቦምቦሊኖ ነው።"

"ምን?"

"ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሴትዮዋ የምትጠብሰው። ቅቤ አለበት፣ ግን ከኋላው ቦምቦሊኖ አለ።"

አላመንኩም። ወይም ማመን አልፈለግሁም። ኩሽና ሂጂልኝ ብዬ ያሸተተቻቸውን የሦስቱን ቦታ አቀያየርኩና ጠራኋት። እንደገና ጀመረች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ያለችው ያው ለጋው፣ ቦምቦሊኖ ያለችው ያው የኦቦ። የሚረጋው ዘይት ነው። ቦምቦሊኖ የሚጠበሰው በሱ ነው።

የኦቦ ነገር አሳዘነኝ፤ ግን ክፉ እንዳልሠሩ እርግጠኛ ነበርኩ። እዚያው ሆኜ ደወልኩላቸው። ጭነቱን አልወስድም፣ ውስጡ ዘይት የገባበት አለ አልኳቸው። "ማነው ያሸተተው?" አሉኝ። ልጄ ናት አልኳቸው። "ከብዙ ቤት የሰበሰብኩት ነው፣ እያንዳንዱን አጣራለሁ" አሉ። ኋላም እንዳሉት አጣርተው ያነሰ ቅቤ አመጡልኝ፣ በዓሉን በሱ ተወጣሁት። ያን ጊዜ ግን ስልኩን ዘግቼ የማየው ልጄን ነበር። ማንም "ይሄ ለጋ፣ ይሄ መካከለኛ" ብሎ አፍንጫዋ ሥር ይዞላት አያውቅም። የትኛው ስም የትኛው ቅቤ እንደሆነ እንኳ አታውቅም። የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ከኋላዬ ተቀምጣ ሳለ ሁሉም በራሱ ጊዜ ገብቶ በየቦታው ተቀምጦባታል፤ ቦታዎቹ ግን የኔ አይደሉም፣ የራሷ ናቸው።

ጓዜን ልሰበስብ ስል "አንዱ ቀርቷል" አለችኝ። በሳሉ ነበር። እሱን ባታሸተውም ግድ አልነበረኝም፤ ያስጨነቀኝ ነገር አልቋል። እሷ ግን አነሳችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆየች። በጣም ስትቆይብኝ እሱም ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

"ምንድን ነው?"

"አንቺ ነሽ" አለች።

"እኔ ምን?"

"ይሄኛው አንቺ ነሽ። ከገበያ ስትመጪ። ነጠላሽን አውልቀሽ በሩ ላይ ስትሰቅዪው።"

ስንት ዓመት ያልጠየቅኩት አፌ ላይ መጣ። "ለዚህ ነው ከቤት የወጣሽው? ለሽታዬ?"

ዓይኗን ገለጠች። "ምን? ኧረ እማ! ቢሮዬ እዚህ ስለሆነ ነው የወጣሁት። ነግሬሽ አልነበር?"

ነግራኝ ነበር። ሦስቱን ቅቤ በየኮባቸው ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ መለሰች። በሳሉን ግን አልመለሰችም። ክዳን ያለው ትንሽ ብርጭቆ ፈልጋ አምጥታ እሱ ውስጥ አደረገችው።

"ይቺ ለኔ ትቅር" አለች።

"ለፋሲካ እኮ ሌላ አመጣልሻለሁ። አሁን ጾም ነው፣ ምን ታደርጊበታለሽ?"

"ልበላት አይደለም። አንዳንዴ ከሥራ ስገባ እከፍታታለሁ።"

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ ክዳኑን አነሳሁና አፍንጫዬ ሥር አደረግሁት። ምንም የለም። ልጄ እናቷን የምታውቅበት ነገር እጄ ላይ ነው፣ ለማወቅ ያልቻልኩት እኔ ብቻ ነኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።